ኦሌሱንድ ለምትመጡ ወገኖቼ፦ ልጆቻችሁን በማን ቋንቋ ነው የምታናግሩት?

በኖርዌይ ምዕራብ ዳርቻ፣ ኦሌሱንድ ከተማ ባለችበት ሱንሞረ በሚሉት አገር ስኖር ሃያ ሁለት ዓመት ሞላኝ። አዲስ የመጣው ሁሉ እኔ የገባሁበት ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ እያየሁ ዝም ማለት አቃተኝ። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የጻፍኳቸው።)

1. ወረቀት። የግብር ካርድህን ቶሎ አውጣ፤ አለዚያ የደመወዝህ ግማሽ ይቆረጣል።

2. ሥራ። ተራራው ቀጥ ብሎ ባሕር ውስጥ ይገባል፤ የሚታረስ መሬት ጥቂት ነው፤ እንጀራው ከባሕር ነው። ኮድ የሚባለውን ዓሣ በጨው አሽተው ያደርቁታል፤ ክሊፕፊስክ ይሉታል። ድሮ በባሕር ዳር ዐለት ላይ ይሰጣ ነበር፤ አሁን በፋብሪካ ይደርቅና ፖርቱጋልና ብራዚል ይሄዳል። በአካባቢያችን ኡልስታይንቪክ ላይ መርከብ፣ ሲኪልቨን ላይ ሶፋ ይሠራሉ። "እኔኮ ዲግሪ አለኝ" እያልክ ቤት አትቀመጥ፤ ጨው የበላው እጅ አያሳፍርም። ታኅሣሥ ላይ ፀሐይ በኛ ዘጠኝ ሰዓት ትጠልቃለች፤ ብቻህን አትዋል።

3. ልጅ። እዚህ ላይ እቆጣለሁ። ጤፍ ከኦስሎ ድረስ ታስመጣለህ፤ ልጅህን ሀ ሁ ለማስቆጠር ግን ጊዜ የለህም! እኔም እንዳንተው ነበርኩ። ትልቋን ልጄን ቶሎ ይግባት ብዬ በተሰባበረ ኖርዌይኛዬ አሳደግኳት። እሷ ቋንቋውን ከጓደኞቿ በስድስት ወር ለቀመችው፤ ከእኔ የምታገኘው አማርኛ ነበር፣ እሱን ነፈግኳት። እናቴ ልትሞት ሰሞን በስልክ "የኔ እናት፣ ዓይንሽን ሳላየው" ብላ ስታለቅስ፣ ልጄ ወደ እኔ ዞራ "ምን አለች?" አለችኝ። በኖርዌይኛ። አስተረጎምኩላት። ከዚያ በኋላ እናቴን አላገኘኋትም።

የምትኖርበትን አገር እወቀው እንጂ! ከኦሌሱንድ በስተደቡብ ኦርስታ ውስጥ በ1813 ኢቫር ኦሰን የሚባል የገበሬ ልጅ ተወለደ። ኖርዌይ ለብዙ ዘመን በዴንማርክ ሥር ስለነበረች የሚጻፈው ዴንማርክኛ ነበር። እሱ ግን ገጠር ለገጠር እየዞረ የባላገሩን አነጋገር ሰበሰበ፤ በ1848 ሰዋስው፣ በ1850 መዝገበ ቃላት አወጣ። በ1885 ፓርላማው ከዚህ የተሠራውን የጽሑፍ ቋንቋ ከዴንማርክኛው እኩል አደረገው። ዛሬ በዙሪያችን ባሉት ወረዳዎች ልጆቻችን የሚማሩበት፣ ኒኖሽክ የሚባለው የኖርዌይኛ አጻጻፍ ከዚያ የመጣ ነው። ጎረቤትህ የአያቱን የእርሻ ቤት አነጋገር ትምህርት ቤት አስገባ፤ አንተ የእናትህን ከሳሎን ታስወጣለህ።

4. ገንዘብ መላክ። ስንገናኝ እነግርሃለሁ፤ ብዙ ነው። አሁን ስልክህን አንሳና ልጅህን ከአያቱ ጋር አገናኘው። ሲጨንቀው አታስተርጉምለት።