ጉልበት፣ ጅማትና ስቴም ሴል፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ እናቴ 61 ዓመቷ ነው። የሁለቱም ጉልበቷ ልም አጥንት (የአጥንቱን ጫፍ የሚሸፍነው ለስላሳ ልባስ) ሳስቷል ተብላለች። ቁልቁለት መውረድና ቆሞ ማስቀደስ አቅቷታል። ውጭ አገር ያለች እህቴ «ከራሷ መቅኒ በሚወሰድ ስቴም ሴል ልም አጥንቱ መልሶ ይበቅላል፤ ህንድ እንውሰዳት» ትላለች። ለወጪው ባሕር ዛፋችንን ልንሸጥ ነው። ያዋጣል? (ከፍኖተ ሰላም)

መልስ፦ ለዚህስ ባሕር ዛፉን አይሽጡ።

ስቴም ሴል ወደ ሌላ ዓይነት ሴል ሊለወጥ የሚችል ሴል ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። ታካሚው በሆዱ ይተኛል፤ ቦታው ከደነዘዘ በኋላ ከዳሌ አጥንት በወፍራም መርፌ 60 ሚሊ ሊትር ያህል መቅኒ ይቀዳል። መቅኒው በማሽን እየተሽከረከረ ይለያል፤ የሚቀረው ጥቂት ሚሊ ሊትር በአልትራሳውንድ እየታየ ጉልበት ውስጥ ይወጋል። ችግሩ ከቁጥሩ ይጀምራል፤ በአዋቂ ሰው መቅኒ ውስጥ የሚፈለገው ሴል ከአሥር ሺህ አንድ እንኳ አይሞላም። ቀጂው ቸኩሎ ሁሉንም ከአንድ ቦታ ከሳበው ደግሞ የሚመጣው አብዛኛው ተራ ደም ነው፤ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ጥቂት እየሳበ የመርፌውን ጫፍ የሚያዛውረው ለዚህ ነው። የተወጋውም ሴል ተቀምጦ ልም አጥንት አይሆንም። አብዛኛው በቀናትና በሳምንታት ውስጥ ይጠፋል፤ እስካለ ድረስ ብግነት የሚያበርዱ ንጥረ ነገሮችን ያመነጫል።

ማዮ ክሊኒክ የተባለው የአሜሪካ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2017 ያሳተመው ጥናት ላይ ሁለቱም ጉልበታቸው የሚያማቸው 25 ሰዎች በአንዱ ጉልበት በማሽን የተጣራ የራሳቸው መቅኒ፣ በሌላው ጨዋማ ውሃ ተወጉ። የትኛው የት እንደገባ አልተነገራቸውም። ሁለቱም ጉልበቶች እኩል ተሻላቸው። በ2023 የወጣውና 480 ያህል ሰዎች የተሳተፉበት የአሜሪካ ጥናት ደግሞ ከመቅኒ፣ ከስብና ከእትብት የተወሰዱ ሴሎችን ከተለመደው ብግነት የሚያበርድ የኮርቲዞን መርፌ ጋር አወዳደረ፤ ዓመት ሲሞላ አንዳቸውም ብልጫ አላሳዩም። እንግዲህ «መርፌው ሠራልኝ» የሚል ሰው አልዋሸም፤ ጨዋማ ውሃም ይሠራል፣ ያውም በርካሽ።

እናትዎ ዛሬ ማታ የሚጀምሩት ይኸውና። እግራቸውን ዘርግተው ከጉልበታቸው ሥር ጥቅል ፎጣ ያድርጉ፤ ፎጣውን በጉልበታቸው ጫን እያሉ የታፋቸውን ጡንቻ 5 ሰከንድ ያጥብቁ፣ ይልቀቁ። 10 ጊዜ፣ በቀን 3 ዙር። ሁለት ሳምንት ሲሆን በእጅ ሳይደገፉ ከወንበር መነሣትና ቀስ ብሎ መቀመጥ ይጨምሩ። ለውጡ የሚታየው ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፤ ብዙ ሰው ከዚያ በፊት ይተወውና «ስፖርቱ አልሠራልኝም» ይላል። ሲሠሩ ትንሽ አሟቸው በማግሥቱ ከለቀቀ ችግር የለውም፤ በማግሥቱ ካበጠ ቁጥሩን በግማሽ ይቀንሱ። ክብደት ካላቸው፣ የሚቀንሱት እያንዳንዱ ኪሎ በየእርምጃው ከጉልበት ላይ 4 ኪሎ ያህል ጫና ያነሣል። ምርኩዝ የሚያዘው ይበልጥ ከሚያመው ጉልበት በተቃራኒ ባለው እጅ ነው፤ አብዛኛው ሰው ግን ገልብጦ ነው የሚይዘው። ምድጃ ሥር ቁጢጥ ማለቱ ይቅር፣ ከፍ ያለ ዱካ ይሠራላቸው። የሕመም ማስታገሻው ዲክሎፌናክም በክኒን ሳይሆን በቅባት ይሁን፤ በጾም ወራት በባዶ ሆድ የሚዋጠው ክኒን ጨጓራ ሊያደማ ይችላል፣ ኩላሊትና የደም ግፊት ላለበትም አደገኛ ነው።

ይህ ሁሉ ተሞክሮ ሕመሙ ሌሊት እንቅልፍ ከነሣ ባሕር ዳር ጥበበ ግዮን ሆስፒታል የአጥንት ሐኪም ይያቸው። ያኔ ባሕር ዛፉ ቢሸጥም ለመገጣጠሚያ ቅየራ ይሁን፤ የእሱ ጥቅም ተፈትኖ የታወቀ ነው።

ጥያቄ፦ 22 ዓመቴ ነው። ኳስ ስጫወት ጉልበቴ «ቀጭ» ብሎ ወዲያው አበጠ። ወጌሻ አሽቶኝ እብጠቱ ጠፋ፤ ዞር ስል ግን ጉልበቴ ይከዳኛል። በኤምአርአይ የፊተኛው ተሻጋሪ ጅማት ሙሉ በሙሉ ተበጥሷል ተባልኩ። ሳልቀደድ በስቴም ሴል ይገጥማል? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ አይገጥምም። ጅማቱ ያለው በመገጣጠሚያው ፈሳሽ መካከል ነው፤ ሁለቱን ጫፎች ማያያዝ የነበረበት የረጋ ደም በፈሳሹ ታጥቦ ይሄዳል፣ ጫፎቹም ይራራቃሉ። የሚይዘው ነገር በሌለበት ሴል ቢጨመር ጅማት አይሠራም። ቀዶ ሐኪሙ ከጭንህ ጀርባ ወይም ከጉልበትህ ፊት ለፊት ሌላ ጅማት ወስዶ በቦታው የሚተክለው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁሉም ሰው ግን መቀደድ የለበትም። በስዊድን 121 ወጣቶችን በተከታተለ ጥናት በፊዚዮቴራፒ ከጀመሩት ግማሽ ያህሉ ለ5 ዓመት ያለ ቀዶ ሕክምና ቆይተዋል። ለእርሻና ለቀጥታ ሩጫ የጠነከረ ጡንቻ ሊበቃ ይችላል። ኳስ ግን በየደቂቃው መታጠፍ ነው፤ ጉልበት እየከዳ መጫወት ሜኒስከሱንም (በጉልበቱ አጥንቶች መካከል እንደ ትራስ ያለውን) ይቀድዳል። ከተሠራልህ በኋላ ከ9 ወር በፊት ሜዳ አትግባ፤ ያኔም በአንድ እግር ዘልለህ ርቀቱን በሜትር ለካ። የተሠራው እግር ከጤነኛው 90 በመቶ ካልደረሰ ገና ነው።

ስለ ወጌሻ፦ ትኩስ እብጠት ማሸት መድማቱን ያብሳል። የታሰረ እግር ጣቱ ከቀዘቀዘ፣ ከደነዘዘ ወይም ከጠቆረ ማሰሪያው በዚያው ቅጽበት ይፈታ። በአገራችን በጠባብ እስር ምክንያት የሚቆረጥ እግር ጥቂት አይደለም።

ጥያቄ፦ ሯጭ ነኝ። የተረከዜ ጅማት 4 ወር አሞኛል። ከራስ ደም የሚሠራው የፒአርፒ መርፌ ከአበረታች ቅመም ይቆጠራል? (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ ፒአርፒ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በዓለም አቀፉ የክልከላ ዝርዝር ውስጥ የለም። ግን ለምን ትከፍላለህ? በ2021 የታተመ የ240 ታካሚዎች ጥናት ለዚሁ ጅማት ከማስመሰያ መርፌ የተሻለ ሆኖ አላገኘውም። ከኮርቲዞን መርፌ ግን ተጠንቀቅ፦ ጅማቱ እንዲበጠስ ሊያደርግ ይችላል፤ ከ2022 ወዲህም በማንኛውም መንገድ ቢወጋ በውድድር ወቅት የተከለከለ ነው።

በደረጃ ጫፍ ላይ በእግርህ የፊት ክፍል (በጣቶችህ በኩል) ቆመህ፣ በጤነኛው እግር ተነሥተህ በታመመው ቀስ እያልክ ተረከዝህን ዝቅ አድርግ። 15 ጊዜ በ3 ዙር ጉልበት ቀጥ አድርገህ፣ ያንኑ ያህል ጉልበት አጥፈህ፤ ጠዋትና ማታ፣ 12 ሳምንት። ሲቀልህ በጀርባ ቦርሳ ክብደት ጨምር።

ጥያቄ፦ ከእትብት ደም የተሠራ «ሕያው ስቴም ሴል» ማስታወቂያ አየሁ። ልመነው? (ከዳንግላ)

መልስ፦ አይመኑ። እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ እንዲህ ያለ ምርት ከተወጉት 12 ሰዎች በባክቴሪያ ተመርዘው ሆስፒታል ተኝተዋል። ደቡብ ኮሪያ በ2012 የፈቀደችው አንድ የእትብት ደም ምርት አለ፤ እሱ ግን በቀዶ ሕክምና ልም አጥንቱ በጎደለበት ጉድጓድ የሚሞላ እንጂ በመርፌ የሚወጋ አይደለም። ሻጩን ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ በጠርሙሱ ስንት ሕያው ሴል አለ፣ ማን ቆጠረው፣ የትኛው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ለጉልበት ፈቀደው? ከተወጉ በኋላ ጉልበቱ ቀልቶ፣ ግሎ ትኩሳት ከመጣ ደግሞ ወደ ሻጩ አይመለሱ፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂዱ።