ጥቅልሉ አንዴ ዘሎ የሚቆመው ባትሪው ደክሞ አይደለም

አንድ የኮምቦልቻ ተማሪ ፎቶ ጨምሮ ጽፎልኛል። ከመዳብ ሽቦ ጥቅልል ሠርቶ በሁለት መርፌ ቁልፍ ላይ አስቀምጦታል፤ ከሥሩ ከአሮጌ ስፒከር የወጣ ማግኔት አለ። ከ1.5 ቮልት የባትሪ ድንጋይ ጋር ሲያገናኘው ጥቅልሉ አንዴ ይዘላል፣ ይወዛወዛል፣ ይቆማል። ሽቦው ግን ይግላል። ጓደኛው «ጉልበት አንሶት ነው፣ የሞባይል ባትሪ አድርግበት» ብሎታል።

አብሽር ወንድሜ፣ ሞተርህ ለመዞር ትንሽ ነው የቀረው። የሞባይል ባትሪውን ግን አደራህን አትንካው! እንዲህ ያለ አጭር ሽቦ ሲገጥመው ያለውን ኃይል ባንዴ ይለቃል፤ አብጦ እሳት ሊያነሳ ይችላል።

ሽቦው ከጋለ ኤሌክትሪኩ እያለፈ ነው። ከዘለለም ማግኔቱ ደህና ነው። እኔ የምጠረጥረው የሽቦውን ጫፎች ነው፤ ሽቦው ላይ የተቀባውን፣ ኤሌክትሪክ የማያሳልፈውን ቫርኒሽ ከሁለቱም ጫፎች ዙሪያቸውን ፍቀኸዋል።

ይቺን ነገር ሳላብራራ ማለፍ አልችልም። ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ጥቅልሉ ራሱ ማግኔት ይሆናል። ሽቦ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት የኮምፓስ መርፌ እንደሚያንቀሳቅስ ዴንማርካዊው ኦርስቴድ በ1820 እ.ኤ.አ. አሳይቷል፣ የሁሉም ሞተር መነሻ ይኸው ነው። አሁን የጥቅልልህ አንዱ ፊት ሰሜን፣ ሌላው ደቡብ ሆኗል። ሰሜኑ ወደ ታችኛው ማግኔት ደቡብ ይሳባል፣ ስለዚህ ጥቅልሉ ይዞራል። ፊት ለፊት ሲገጣጠሙስ? ከዚያ ወዲያ የሚሄድበት ምክንያት የለውም፤ በፍጥነቱ ትንሽ ቢያልፍ እንኳ ያው ስበት መልሶ ይጎትተዋል። መወዛወዙ ይሄ ነው። ስለዚህ ልክ ሲገጣጠሙ ኤሌክትሪኩ መቋረጥ አለበት። ያኔ ጥቅልሉ በራሱ ፍጥነት ግማሹን ዙር ይጨርሳል፣ እንደገና ሲነካካ ወደዚያው አቅጣጫ ይገፋል። ግራይንደርና ድሪል ውስጥ ያሉት ካርቦንና እሱ የሚነካው፣ ከሞተሩ ጋር የሚዞረው የተከፋፈለ መዳብ (ኮሌክተር) የሚሠሩትም ለዚሁ ነው፤ እነሱ ግን ማቋረጥ ብቻ ሳይሆን በየግማሽ ዙሩ የኤሌክትሪኩን አቅጣጫ ይገለብጡታል።

ስለዚህ ጥቅልሉን በጠርዙ አቁመህ ያዘው። የአንዱን ጫፍ የላይኛውን ግማሽ ብቻ በብርጭቆ ወረቀት ፋቅ፣ የታችኛው ቫርኒሽ እንዳለ ይቆይ። ሌላኛው ጫፍ ዙሪያውን ይፋቅ። ያንተ አስቀድሞ ስለተፋቀ የአንዱን ጫፍ የታችኛውን ግማሽ የጥፍር ቀለም ቀባውና በደንብ አድርቀው።

ስለ ሽቦው ደግሞ። ከተቃጠለ ማራገቢያ ነው ያወጣሁት ብለሃል፣ ፎቶው ላይም ቋጠሮ ይታየኛል። ከአንተ በፊት የነካው ሰው የተበጠሰውን ጠምዝዞ በናስትሮ ሸፍኖ ትቶታል። እንዲህ ያለ ሥራ ደሴ እኔ ሱቅ ድረስ በየጊዜው ይመጣል፣ በጣም ነው የሚያናድደኝ። ቋጠሮው ጥቅልሉን ባንድ ወገን ያከብደዋል፣ ስለዚህ ቁረጠውና ከደህናው ሽቦ እንደ አዲስ 10 ወይም 15 ዙር ጠምጥም። አዲስ ከገዛህም ጫፉን በምላጭ ፋቅ አድርገህ እይ፤ ከሥሩ ነጭ ከወጣ መዳብ የተቀባ አልሙኒየም ነው፣ በመዳብ ዋጋ የሚሸጡት አሉ። ለቤት ሙከራ ይሠራል፣ ግን ቶሎ ይሰበራል።

ጫፎቹን ቀጥ አድርጋቸው፣ በጣትህ ትንሽ ግፋው። በአንዱ አቅጣጫ እምቢ ካለ በሌላው ሞክር። ካልዞረ ከጥቂት ሰከንድ በላይ አታቆየው፣ ሽቦው ጣት ያቃጥላል። አሁንም እደግመዋለሁ፦ ከባትሪ ድንጋይ ሌላ ምንም አታገናኝ፤ የሞባይል ባትሪም፣ የተቆረጠ ቻርጀርም፣ 220 ቮልት ያለበት ሶኬትማ በፍጹም። እምቢ ካለህ የሁለቱን ጫፎች ፎቶ ቀረብ አድርገህ አንስተህ ላክልኝ።