«ገባችሁ?» «አዎ ቲቸር!»

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ፣

በመምህራን ትምህርት ኮሌጅ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። አሁን ፕራክቲከም (የማስተማር ልምምድ) ወጥቼ 6ኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። ባለፈው ክፍልፋይ መደመር አስተማርኩ። «ገባችሁ?» ስላቸው ክፍሉ በሙሉ «አዎ ቲቸር!» አለ። ደብተራቸውን ሰብስቤ ሳርም ግን ብዙዎቹ 1/2 + 1/3 = 2/5 ብለው ቁጭ።

ማታ ሪፍሌክሽን (ስለ ራሴ አስተማመር የምጽፈውን ግምገማ) ስጽፍ የሆነውን እንዳለ አሰፈርኩት። ጓደኛዬ አይታ «አበድሽ እንዴ? ማርክሽን ይቆርጡልሻል» አለችኝ። እሷ ከአምና ተመራቂ ያገኘችው ወረቀት አላት። «ትምህርቱ በጥሩ ሁኔታ ተካሂዷል፤ ተማሪዎች ንቁ ተሳትፎ አድርገዋል» ይላል። ሁሉም እሱን ነው የሚገለብጠው። እኔም ብሆን «ጎበዝ አስተማሪ አይደለሁም» ብዬ ከመጨረስ በቀር ያተረፍኩት የለም። ይሄ ነገር የምር ማስተማሬን ያሻሽላል ወይስ ወረቀት ማብዛት ነው?

ግራ የገባት ዕጩ መምህርት

እህቴ፣

የጓደኛሽ ስጋት ከመሬት የተነሳ አይደለም። ፕራክቲከምና ተግባራዊ ምርምር በ1990ዎቹ አጋማሽ በመምህራን ሥልጠናችን ላይ በተደረገው ለውጥ ትልቅ ቦታ ሲሰጣቸው፣ ሐሳቡ መምህሩ የራሱን ሥራ እንዲመረምር ነበር። ነጥብ ሲያዝለት ግን ሰው ራሱን ማሳመር ይጀምራል።

«ጎበዝ አይደለሁም» ማለትሽም ከዚያ ግልባጭ አይሻልም። ሁለቱም የሚያወሩት ስለ አስተማሪዋ ነው። 2/5 ስላሉት ልጆች አንዳች አይነግሩሽም።

እነሱ ዝም ብለው አልገመቱም። ላዕልን ከላዕል፣ ታሕትን ከታሕት ደመሩ። ሙሉ ቁጥር ሲደምሩ የለመዱትን ነው ያደረጉት። ስለዚህ ሰሌዳው ላይ ምን እንደጻፍሽ አስታውሺ። የጋራ ታሕት ለምን እንደሚያስፈልግ አሳየሻቸው ወይስ ሕጉን ሰጥተሽ አለፍሽ? 2/5 እኮ ከግማሽ ያንሳል! ግማሽ እንጀራ ላይ ሌላ ቁራሽ ተጨምሮበት እንዴት ከግማሽ ያንሳል? ይህን ጠይቀሻቸው ቢሆን ኖሮ ስህተቱን ራሳቸው ይይዙት ነበር።

«ገባችሁ?» የሚለውን ደግሞ ተዪው። በጓደኞቹ ፊት «አልገባኝም» የሚል ልጅ ከየት ይመጣል? አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሜሪ ባድ ሮው በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በክፍል ውስጥ የተቀዱ ድምፆችን ስታጠና፣ መምህራን ጠይቀው መልስ የሚጠብቁት አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ ሆኖ አገኘችው። ወደ ሦስት ሰከንድ ሲያደርሱት መልሶቹ ረዘሙ፤ ዝምተኞቹም መናገር ጀመሩ። ርዕሰ መምህሩን አስፈቅደሽ አንድ ክፍለ ጊዜ በስልክሽ ድምፅሽን ቅጂ። ለብቻሽ ስትሰሚው ስንቱን ጥያቄ ራስሽ ጠይቀሽ ራስሽ እንደመለስሽው፣ የማንን ስም ደጋግመሽ እንደጠራሽ ይሰማሻል። መጀመሪያ ላይ ድምፅሽ ያስጠላሻል። ማንም እንደዚያው ነው።

ከዚያ አጭር አድርገሽ ጻፊ። «ሕጉን ከምክንያቱ አስቀደምኩ። ነገ መልሱ ከግማሽ ይበልጣል ወይስ ያንሳል ብዬ አስገምታቸዋለሁ።» በቃ። ሁሉን ነገር በአንድ ጊዜ አትነካኪ፤ የትኛው እንደሠራልሽ አታውቂም። በማግስቱ ደብተሩን እይና ውጤቱን ከሥሩ ጨምሪ። ስህተቱን፣ የለወጥሽውንና የተገኘውን አንድ ላይ ያየ ሱፐርቫይዘር ነጥብ የሚቀንስበት ምክንያት አይታየኝም። ቢቀንስም የተማርሽው አይቀነስብሽም። በተረፈ የክፍሉን መጨናነቅና የመጽሐፍ እጥረቱን በራስሽ ላይ አትቁጠሪ።

ነገ 2/5 ካሉት አንዱን በእረፍት ሰዓት ጥሪውና «እንዴት እንደሠራኸው አስረዳኝ» በዪው። አታርሚው፤ ዝም ብለሽ ስሚው። ያለውን በራሱ አነጋገር ጻፊና የሚቀጥለውን ትምህርትሽን ከዚያ ጀምሪ።