መልስ፦ ዜናው ለምን ሁሌ ሞተረኛውን ይወቅሳል?

«የአደጋ ዜና ሁሌ ‹ሞተረኛው ሄልሜት አላደረገም› ብሎ ያበቃል፤ እውነት ጥፋቱ የእኛ ነው?» ላልከው፣ ሁሌም አይደለም። በ1981 እ.ኤ.አ. የወጣው፣ በሎስ አንጀለስ የሞተር አደጋዎችን የመረመረው የኸርት ጥናት እንዳሳየው፣ ሞተር ከሌላ ተሽከርካሪ ጋር ከተጋጨባቸው አደጋዎች ሁለት ሦስተኛ ገደማ ላይ ቅድሚያ የከለከለው የሌላው ተሽከርካሪ ሹፌር ነበር። ሄልሜት ጭንቅላት ያተርፋል እንጂ ማን ቅድሚያ እንደከለከለ አይነግርም። ጋዜጠኛው መጠየቅ ያለበት ግን ማን ቅድሚያ እንደከለከለ ነው።

ዋናው ጠንቅ ከፊትህ መጥቶ ወደ ግራ የሚታጠፍ መኪና ነው። ሞተር ቀጭን ስለሆነ ከፊት መስታወቱ ጎን ያለው ቋሚ ብረት ይጋርደዋል፤ ቢታይም ትንሽ ስለሆነ ሩቅ ይመስላል። መስቀለኛ ጋ ስትደርስ ጋዝ ልቀቅ፣ ሁለት ጣትህን የፊት ፍሬን ላይ አሳርፍ። በሰዓት 50 ኪ.ሜ. እየነዳህ አንድ ሰከንድ ብትዘገይ ፍሬን ሳትይዝ 14 ሜትር ሄደሃል። የሹፌሩን ዓይን አትመን፤ ወደ አንተ እየተመለከተም ላያስተውልህ ይችላል። የፊት ጎማውን ተመልከት፣ እንቅስቃሴው መጀመሪያ የሚታወቀው እዚያ ነው። መስመርህን ሳትለቅ በመጠኑ ወደ ጎን ተንቀሳቀስ፣ ቀጥ ብሎ የሚመጣ ነገር የቆመ ይመስላልና። ቀንም መብራት አብራ፤ ረጅሙን ግን አታብለጭልጭ፣ «እለፍ» ያልከው የሚመስለው አለ።

በታክሲና በእግረኛ መንገድ መሃል በቀኝ ሾልኮ ማለፍን ግን ዜናው ቢወቅስ አልፈርድበትም።