ከነጨው የመጣ ባምፐር

ጥያቄ፦ የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ሥራዬ ወደ ደጀን፣ ወደ ሞጣና በጮቄ ግርጌ ወዳሉ ቀበሌዎች ስለሚያመላልሰኝ፣ ካናዳ ለዓመታት ሲነዳ የቆየ ቶዮታ ፎርራነር ከቀድሞ ባለቤቱ ገዝቼ እጠቀማለሁ። መኪናው ከፊት ለፊቱ ከወፍራም ላሜራ የተበየደ ባምፐር አለው። ክረምት በገባ ቁጥር የባምፐሩ ቀለም እንደ ተቃጠለ ቆዳ ውሃ ይቋጥራል፤ በጥፍሬ ስጫነው ቡናማ ዱቄት ይረግፋል። ሁለት ጊዜ ስቱኮ አስደርጌ ቀለም አስረጨሁት፤ ሁለቱም ጊዜ የሚቀጥለውን ክረምት አልተሻገረም። እዚያው ካናዳ የሚኖረው የእህቴ ልጅ «አጎቴ፣ የበረዶ አገር ጣጣ ነው» ይለኛል፤ እሱም ለራሱ መኪና እንዲህ ያለ ባምፐር ሊገዛ አስቧል። በረዶማ ጮቄ ላይም ይጥላል። እኔ ምን ላድርግ? ለእሱስ ምን ልምከረው?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ በመጀመሪያ በረዶውን ከክሱ ነጻ እናውጣው። ጮቄ ላይ የሚወርደውም ሆነ ካናዳ ላይ የሚጥለው በረዶ ያው ውሃ ነው። ብረቱን የሚበላው መንገዱ እንዳያንሸራትት የሚበተነው ጨው ነው። ጨው ውሃ የሚረጋበትን የቅዝቃዜ ደረጃ ዝቅ ስለሚያደርግ በረዶው በአስፋልቱ ላይ ይቀልጣል፤ የቀለጠው ጨዋማ ውሃ ደግሞ ከጎማ እየተረጨ በባምፐሩ ስፌትና ጀርባ ይገባል። ብርዱ ሲበረታ የምግብ ጨው ዓይነቱ ስለሚደክም ካልሲየም ክሎራይድና ማግኒዚየም ክሎራይድም ይጨመራሉ፤ እነዚህ ከአየር እርጥበት የሚስቡ ስለሆኑ ብረቱ ደረቅ መስሎ በሚታይበት ቀን እንኳ እርጥብ አድርገው ያቆዩታል። ለከብት የሚሆን ጨው በፒክአፕ የሚያመላልስ የጎጃም ነጋዴ ይህን ለመረዳት ካናዳ መሄድ አያሻውም፤ የጭነቱ ወለል ከሌላው የመኪናው አካል ቀድሞ ሲበሳ አይቶታል።

የእርስዎ ባምፐር ከጨው አገር ከወጣ በኋላም የሚዝገው፣ ጨው በዝገቱ ጉድጓድ ሥር ተደብቆ አብሮ ስለመጣ ነው። ዝገት ከበላው ብረት ሁለት እጥፍና ከዚያ በላይ ቦታ ስለሚይዝ ቀለሙን ከሥር ገፍቶ ያነሳዋል። በጋው ላይ ዝም ይላል፤ የሰኔ ዝናብ ሲጀምር በተሰነጠቀው ቀለም በኩል እርጥበት ይገባና ሥራውን ይቀጥላል። ስቱኮው ያደረገው ነገር ቢኖር ቁስሉን ከነመግሉ መሸፈን ነው፤ ለዚህም ሁለት ጊዜ መክፈልዎ ያሳዝናል።

ስለዚህ ባምፐሩ ከመኪናው መፈታት አለበት፤ ተገጥሞ ሳለ የሚቀባ ቀለም ፊቱን ብቻ ያሳምራል። በአንድ ወቅት ተመሳሳይ ባምፐር ሲፈታ ቆሜ አይቻለሁ፤ ከፊት ጥቂት ነጠብጣብ ብቻ የነበረው ብረት ሲገለበጥ፣ በውስጡ ሁለት እፍኝ የሚሆን የደረቀ ጭቃ ተጋግሮበት፣ ከጭቃው ሥር ላሜራው እንደ ቅርፊት በድርብርብ ይነሳ ነበር። ውሃ የሚወጣባቸው ቀዳዳዎች በጭቃ ተደፍነው ነበር። ቀዳዳዎቹን በሽቦ ይክፈቷቸው እንጂ ቀለም ቀቢው በስቱኮ እንዲሞላቸው አይፍቀዱ።

ከተፈታ በኋላ በብዙ ንጹሕ ውሃ፣ ቢቻል በሙቅና በግፊት፣ ይታጠብ፤ ቀጥሎ በሽቦ ብሩሽና በግራይንደር እስከ ነጩ ብረት ይፋቅ፤ ከፍቀቱም በኋላ ጉድጓዶቹ ስለተከፈቱ እንደገና ይታጠብ። ብዙ ጋራዦች የሚዘሉት ይህን ሁለተኛውን እጥበት ነው፤ በእኔ እምነት ግን የእርስዎን ባምፐር የሚያድነው ወይም የሚያስቀረው እሱ ነው። ፀሐይ ላይ በደንብ ከደረቀና በቲነር ከተወለወለ በኋላ ሁለት አካሄድ አለ፤ ሁለቱ ግን አይደባለቁም። ብረቱ ሙሉ በሙሉ ከነጣ ዚንክ የበዛበት የመጀመሪያ ቀለም ይቀባል፤ ዚንኩ በብረቱ ፈንታ ራሱ እየተበላ ይከላከላል፤ ይህን የሚያደርገው ግን ባዶውን ብረት ሲነካ ብቻ ነው። ከጉድጓዱ ሊወጣ ያልቻለ ዝገት ከቀረ ደግሞ ፎስፎሪክ አሲድ ወይም ታኒክ አሲድ ያለበት የዝገት ማክሸፊያ ተቀብቶ፣ በላዩ ሁለት ክፍሎቹ ተደባልቀው የሚቀቡት የኤፖክሲ መሠረት ቀለም ይደረግበታል። በሹል ጠርዝና በብየዳ መስመር ላይ የተረጨ ቀለም ስለሚሳሳ፣ እነዚህ ቦታዎች ከርጩ በፊት በእጅ ብሩሽ አንድ ጊዜ ይቀቡ።

ለውስጡ ሰም ወይም ከበግ ፀጉር የሚገኘው ላኖሊን የተባለ ቅባት ይበቃል፤ በየዓመቱ ከሰኔ በፊት ይታደሳል። የተቃጠለ ዘይት የሚቀቡ ሰዎች አሉ። አልመክርም፤ ጎማ ነክ ክፍሎችን ያበላሻል፣ የመንገዱን አቧራም ሰብስቦ ወደ ጭቃ ይለውጣል፣ ሲታጠብም የሚሄደው ወደ ወንዝ ነው።

የእህትዎ ልጅ ከአሁኑ ዕድል አለው። ባምፐሩን ሲያዝ በቀለጠ ዚንክ ተነክሮ በላዩ የዱቄት ቀለም የተጋገረበትን ይምረጥ፤ የዱቄት ቀለም ብቻውን ጠጠር አንዴ ሲልጠው ውሃ ከሥሩ እየተሳበ ስለሚሄድ አይታመንም። በክረምታቸው አየሩ ለቀቅ ባለ ቁጥር የመኪናውን ሆድና የባምፐሩን ጀርባ ያሳጥብ። መኪናውን ሳያሳጥብ ሞቃት ጋራዥ ውስጥ ማሳደር ለመኪናው እንክብካቤ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ጨዋማው በረዶ እዚያ ይቀልጣል፣ ሙቀቱም ዝገቱን ያፋጥነዋል። አሉሚኒየም ከመረጠ ቀይ ዝገት አያይም፤ ሆኖም ከብረት ብሎን ጋር በቀጥታ ከተነካካ በጨው ውስጥ የሚበላው አሉሚኒየሙ ስለሆነ በመካከላቸው የፕላስቲክ ሮንዴላ ይግባ።

ወደ እርስዎ ልመለስና፣ ባምፐሩ በተፈታበት ቀን ሻንሲው ላይ የሚታሰርባቸውን ጆሮዎች በትንሽ መዶሻ መታ መታ ያድርጓቸው፤ እነሱም ያንኑ ጨው ሲጠጡ ኖረዋል። ጤነኛ ብረት ጥርት ብሎ ይጮኻል። ድምፁ ከታፈነና መዶሻው ስርጉድ ምልክት ከተወ፣ የቀለሙን ጉዳይ አቆይተው መጀመሪያ በያጅ ያሳዩት።