በሁለት ቁልፎች መካከል ያለው ድምፅ

ጥያቄ፦ ደሴ ውስጥ በሰርግና በበዓል ዝግጅቶች ላይ ከሚጫወት የባህል ቡድን ጋር ኪቦርድ እጫወታለሁ። ከማሲንቆ ተጫዋቻችን ጋር ዶን አስማምተን እንነሣለን፤ ሶል ላይም አንለያይም። ትዝታ ሜጀር ስንጫወት ግን ሚ ላይ በደረስን ቁጥር የእርሱ ድምፅ ከእኔ በጥቂቱ ዝቅ ይላል። እርሱ ጆሮው እንደማይሳሳት ይናገራል፤ በስልኬ ላይ ያለው የቅኝት መለኪያ ደግሞ ለእኔ ይፈርዳል። ሩብ ቶን፣ ማለትም በሁለት ተከታታይ ቁልፎች መካከል የሚገኝ ድምፅ፣ ያለው የዓረብ ኪቦርድ ብገዛ ችግሩ ይፈታ ይሆን? ከ12ቱ ድምፆች ውጭ መውጣትስ የሙዚቃን ሕግ መጣስ አይሆንም?
የኪቦርድ ተጫዋች፣ ከደሴ

መልስ፦ የስልክዎ መለኪያ የተሠራው ኪቦርድዎ በተቃኘበት ሥርዓት መሠረት ስለሆነ፣ በዚህ ክርክር ውስጥ ዳኛ ሳይሆን የአንድ ወገን ምስክር ነው። የመጨረሻውን ጥያቄዎን በተመለከተ፣ 12ቱ ድምፆች ስምምነት እንጂ ሕግ አይደሉም። አንድ ኦክታቭ፣ ማለትም ከአንድ ዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ያለው ርቀት፣ ሴንት በሚባሉ 1200 ጥቃቅን መለኪያዎች ይለካል፤ መለኪያውን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያስተዋወቀው እንግሊዛዊው አሌክሳንደር ኤሊስ ነው። ኪቦርድና ጊታር እነዚህን 1200 ሴንቶች ለ12 እኩል አካፍለው ለእያንዳንዱ ግማሽ ቶን 100 ሴንት ይሰጣሉ። በዚህ አከፋፈል ዘፋኙ ዶን ወደ የትኛውም ቁልፍ ቢያዛውር ዜማው መልኩን አይለውጥም፤ በአንጻሩ ከኦክታቭ በቀር ፍጹም ንጹሕ የሆነ ርቀት አይገኝም።

ንጹሕ ስል የሁለት ድምፆች ንዝረት በትንንሽ ሙሉ ቁጥሮች ሲዛመድ ማለቴ ነው። ዶ እና ሶል እንደ 2 እና 3 ሲዛመዱ ርቀታቸው 702 ሴንት ይሆናል፤ ኪቦርዱ 700 ስለሚሰጥ ልዩነቱን የሚያስተውል ጆሮ ጥቂት ነው። ዶ እና ሚ ግን እንደ 4 እና 5 ሲዛመዱ ርቀታቸው 386 ሴንት ሲሆን ኪቦርዱ 400 ይሰጣል፤ ጠባችሁ ያለው እዚህ 14 ሴንት ውስጥ ነው። ዶው 220 ኸርዝ (በሰከንድ 220 ንዝረት) ቢሆን ንጹሑ ሚ 275፣ የኪቦርዱ ሚ ደግሞ 277 ኸርዝ ገደማ ስለሚሆን፣ ሁለቱ አብረው ሲያዙ በሰከንድ ሁለት ጊዜ ያህል ጎላ ደብዘዝ የሚል መንቀጥቀጥ ይሰማል። በማሲንቆ ላይ ደግሞ የሚነዝረው ጭራ 60 ሴንቲ ሜትር ቢሆንና ባዶው ጭራ ዶ ነው ብንል፣ ንጹሑ ሚ ከድልድዩ 48 ሴንቲ ሜትር ላይ፣ የኪቦርዱ ሚ 47.6 ላይ ይገኛል። ለሶል የሁለቱ ቦታ ልዩነት ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ጓደኛዎ ሶል ላይ ከእርስዎ ጋር ተስማምቶ ሚ ላይ ጣቱን አራት ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ላይ የሚያደርገው ጆሮው ወደ ንጹሑ ዝምድና ስለሚስበው ይመስለኛል።

ከ12ቱ ውጭ የሚወጣው ማይክሮቶናል ሙዚቃ በሁለት የተለያዩ መንገዶች የሚሄድ ሲሆን፣ የግዢ ሐሳብዎ የሚወሰነውም በእነዚህ ልዩነት ነው። አንደኛው መንገድ 12ቱን በቦታቸው ትቶ በመካከላቸው ይጨምራል። ኦክታቭን ለ24 ሲከፍሉት እያንዳንዱ ደረጃ 50 ሴንት ይሆናል፤ የነበረው ቁልፍ ሁሉ እንዳለ ይቀራል። በ1932 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ካይሮ ላይ በተካሄደው የዓረብ ሙዚቃ ጉባኤ በሰፊው ያከራከረው ይህ አከፋፈል ነበር፤ ቼካዊው አሎይስ ሃባም በሩብ ቶን ኦፔራ ጽፎበታል። ሁለተኛው መንገድ 12ቱን ራሳቸውን ይነቀንቃል። ኦክታቭ ለ31 እኩል ሲከፈል ሚ 387 ሴንት ላይ ያርፋል፣ ንጹሑን ሊነካ ጥቂት ቀርቶት ማለት ነው፤ አሜሪካዊው ሃሪ ፓርች ደግሞ በኦክታቭ 43 ድምፅ ላለው ሥርዓቱ የራሱን መሣሪያዎች እስከ መሥራት ደርሷል።

የእርስዎ ጉዳይ የሁለተኛው ዘመድ ነው። ሚን በሩብ ቶን ዝቅ ቢያደርጉት 350 ሴንት ላይ ይወርድና ከማሲንቆው 36 ሴንት ያህል ይርቃል፤ ከዛሬው 14 የከፋ ነው። ስለዚህ ለሩብ ቶን ብለው ኪቦርድ አይግዙ። በእነዚያ ኪቦርዶች ውስጥ የሚጠቅምዎ «ስኬል ቲዩን» የሚባለው፣ እያንዳንዱን ቁልፍ በሴንት ለየብቻ ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ክፍል ነው፤ አሁን ያለዎት ኪቦርድም ሊኖረው ስለሚችል አስቀድመው ይፈትሹ።

ለትዝታ ሜጀር ሚን በ14፣ ላን በ16 ሴንት ዝቅ፣ ሬን በ4 ከፍ አድርገው ይጀምሩ። ከከተማዎ በስተሰሜን ያለው ወረዳ ስሙን የሚጋራው አምባሰል ግን ተቃራኒውን ይፈልጋል፤ ሬ ፍላት (በግማሽ ቶን ዝቅ ያለው ሬ) በ12፣ ላ ፍላት በ14 ሴንት ከፍ ይላሉ። በመሆኑም ሁለቱን በተለያየ ማስቀመጫ መዝግቡ እንጂ በአንድ እርማት ሁሉንም ቅኝት ለመሸፈን አይሞክሩ። ለአንቺሆዬ ቁጥር አልሰጥም፤ የሶል ፍላትና የዶ ዝምድና በብዙ መንገድ ሊሰላ ስለሚችል ከተጫዋቹ ጣት መቅዳት ይሻላል። ዘፋኛችሁ ዶን ሲያዛውር እርማቱም አብሮ መዛወር እንዳለበት አይርሱ፤ አለበለዚያ ለሚ የታሰበው 14 ሴንት ሌላ ድምፅ ላይ ያርፍና ከቀድሞው የባሰ ይሆናል።

እነዚህ ቁጥሮች መነሻ ብቻ ናቸው። ቅኝቶቻችን ከስሌት ሰንጠረዥ አልተወለዱም፤ አዝማሪም ወደ አንድ ድምፅ እያንሸራተተ ይገባል እንጂ እንደ ቁልፍ አይረግጠውም። ጓደኛዎ ሚን ረዘም አድርጎ እንዲይዝልዎ ጠይቀው፣ ሴንት በሚያሳይ መለኪያ ደጋግመው ይለኩና መካከለኛውን ይውሰዱ። በእኔ አስተያየት ማሲንቆውን ወደ ኪቦርዱ መጎተት ቀላሉ መንገድ ነው እንጂ የተሻለው አይደለም።

በቡድናችሁ ውስጥ ጊታር ካለ በአንገቱ ላይ የተተከሉት ብረቶች እንዲህ ያለውን እርማት አይፈቅዱለትም። ጊታሪስቱ በትዝታ ሜጀር ላይ ሙሉ ኮርድ ከመምታት ይልቅ ዶንና ሶልን ብቻ ይዞ ሚን ለማሲንቆው፣ ለዘፋኙና ለእርስዎ ቢተው ግጭቱ ይቀራል።