«ዊንተር» ሲሉሽ «ክረምት» ብለሽ አትጻፊ

ጥያቄው የመጣው ከደሴ ነው። ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ከመምህራን ኮሌጅ ተመርቄ ሥራ እየፈለግሁ ነው። አንድ የግል ትምህርት ቤት ለአንደኛ ክፍል የ30 ደቂቃ የማሳያ ትምህርት እንዳቀርብ ጠርቶኛል። ርዕሱ ዊንተር ነው። በዕቅዴ ላይ ‹ክረምት› ብዬ ጽፌ ከኢንተርኔት የበረዶ ሰው፣ የጥጥ በረዶ፣ የጓንት ሥዕል፣ ብቻ ሰባት ጨዋታ አውርጃለሁ። ይበቃ ይሆን? ልምድ የለሽም ቢሉኝስ ምን ልበል?»

እህቴ፣ አብሽሪ። ይበቃል ብቻ ሳይሆን ይተርፋል። ሰባቱንም ጣያቸው፤ አንዲት ሙከራ ትበቃሻለች።

መጀመሪያ ርዕሱን እናስተካክል። መዝገበ ቃላቱ «ክረምት» ስለሚል አልፈርድብሽም። ግን የእኛ ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ነው። ዝናብና ጭቃ ነው፤ ልጆቹም አብዛኛውን ጊዜ እረፍት ላይ ናቸው። የፈረንጆቹ ዊንተር ከታኅሣሥ እስከ የካቲት አካባቢ ነው፤ ያኔ እኛ ጋ በጋ ነው። ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ደመና የለም፣ መሬቱ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ወደ ላይ ይለቀዋል። ለዚህ ነው ቀን ፀሐይ እያቃጠለን ሌሊት የምንንቀጠቀጠው። «በጥቅምት አንድ አጥንት» ያሉት አባቶቻችን ብርዱ መቼ እንደሚጀምር አልጠፋቸውም። አንቺም «የብርድ ወቅት» ብለሽ ጻፊና ተገላገይ። ዳይሬክተሩ ነቃ ያለ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠይቅሽ ይህንኑ ነው።

እኔም እዚህ ላይ ተሰናክያለሁ። ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት በረዶ የለበሰ ቤት ሥዕል ይዤ ገባሁና «ይህ ነጩ ምንድን ነው?» አልኳቸው። አንዱ «ዱቄት» አለ። ሌላዋ «ጥጥ»። በረዶ ነው ስላቸው አንድ ልጅ ብድግ አለ፦ «ቲቸር፣ በረዶማ ያማል! የአባዬን ባቄላ አርግፎታል።» መልስ አጣሁ። ልጁ የሚያውቀው በረዶ እንደ ጠጠር ከሰማይ የሚወርደውን ነው። አማርኛችን ያንንም፣ የፍሪጁንም፣ የፈረንጁንም «በረዶ» ይለዋል። እሱን ጭንቅላቱን የመታው አንዱ ብቻ ነው።

ስለዚህ ከሚያውቁት ተነሺ። የደሴ ልጅ ጦሳ ተራራ ላይ የሚተኛውን ጉም ያውቃል። ደጋው ላይ፣ ጉጉፍቱ ወይም ደላንታ፣ ዘመድ ያለው ውርጭ አይቷል፤ ጠዋት ሣሩ ነጥቶ ያድራል፣ ፀሐይ ስትወጣ የለም። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ሞቃቷ ኮምቦልቻ የሄደ ደግሞ ሹራቡን መንገድ ላይ አውልቋል። «ለምን አወለቅህ?» በይውና አርፈሽ ስሚ።

ከዚያ አንዲት ሙከራ ብቻ። ሁለት ብርጭቆ ላይ እኩል የፍሪጅ በረዶ ጨምሪ። አንዱን በጋቢ ቁራጭ ጥቅልል አድርጊው፣ ሌላውን እንዳለ ተይው። «የቱ ቀድሞ ይቀልጣል?» ብዙዎቹ «ጋቢ የለበሰው!» ብለው ይጮኻሉ። ጋቢ ይሞቃላ! እያንዳንዱ ልጅ አንድ ቆርኪ ይያዝና ከገመተው ብርጭቆ ፊት ይደርድር። ቆጥረው ያወዳድሩ፤ ሒሳብሽ እዚያው አለቀ። ሲገልጡት ጋቢ የለበሰው ገና አልቀለጠም። ጋቢ ራሱ ሙቀት የለውም። በክሮቹ መካከል አየር ይዞ ሙቀት እንዳያልፍ ያግዳል። እኛ ስንለብሰው የሰውነታችንን ሙቀት አያስወጣም፤ በረዶው ሲለብሰው የክፍሉን ሙቀት አያስገባም። ለሰባት ዓመት ልጅ «ጋቢ ዘበኛ ነው» ብትይው ይገባዋል።

አንድ ነገር ግን ልብ በይ፤ በደሴ ጠዋት በረዶ ቶሎ አይቀልጥም። ትንንሽ ቁራጭ ተጠቀሚ፣ ገና እንደገባሽ አስቀምጪው። ስለ ጉሙና ስለ ውርጩ የምታወሩት እሱ እየቀለጠ ነው። ቤትሽ ሁለት ሦስቴ ሳትሞክሪው እንዳትሄጂ።

«ሹራብ የለበሰ እጁን ያውጣ» እንዳትዪ፤ የሌለው ልጅ አለ። የገና ዛፉንና ቀይ የለበሰውን ሽማግሌም ተያቸው። ወሎ ውስጥ እስላምና ክርስቲያኑ አንድ ዴስክ ላይ ነው የሚቀመጠው፤ ብርዱ ግን ሁሉንም እኩል ይነካል።

ስለ ልምዱ፦ ኮሌጅ ሆነሽ ወጥተሽ ያስተማርሽበት ልምምድ ልምድ ነው። «ልምድ የለኝም» የሚለውን አረፍተ ነገር ከአፍሽ አታውጪው። ስንት ሳምንት፣ ስንተኛ ክፍል፣ ስንት ልጅ እንደነበር በቁጥር ተናገሪ። የተበላሸብሽን አንድ ቀንና በማግስቱ ምን እንደቀየርሽ ጨምሪበት። እኔ ጠያቂ ሆኜ ስቀመጥ ከሁሉ በላይ የምሰማው ይህንን ነው።

ቀድመሽም ደውዪና ሁለት ነገር ጠይቂ፦ የልጆቹን ብዛትና ትምህርቱ በየትኛው ቋንቋ እንደሆነ። በእንግሊዝኛ ከሆነ ኮልድ፣ ሆት፣ አይስ፣ ሜልት፤ አራት ቃል ይበቃል። ዕቅድሽን በአንድ ገጽ ጻፊና ለሚገመግሙሽ አንዳንድ ቅጂ ስጫቸው።

ትምህርት ቤቱ ፍሪጅ ይኖረዋል፣ መብራትም አይጠፋም ብለሽ አትተማመኚ። በረዶውን ከቤት በሻይ ፔርሙስ ይዘሽ ሂጂ። ደቂቃ ከተረፈሽ ፔርሙሱንም ለልጆቹ አሳዪያቸው፤ ማታ ለሻይ፣ ዛሬ ለበረዶ። አንዱ «እሱም ውስጡ ጋቢ ለብሷል እንዴ?» ካለሽ፣ ቀና በይና የዳይሬክተሩን ፊት እዪው።